ዓሣው ምን በልቶ ነው?

ወሰንየለሽ ባሏ ዓሣ መብላት ማቆሙን ያስተዋለችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ካባላጋላ በሚሉት የካምፓላ ሰፈር ከዋናው መንገድ ወረድ ብላ ያለችው ምግብ ቤቷ፣ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ደንበኞች ሲመላለሱባት ከርማለች። መርዕድም ማታ ከሥራ ሲገባ የምፑታውን ወፍራም ሥጋ በአዋዜ እያጠቀሰ ጥርግ አድርጎ የሚበላ ሰው ነበር። ምፑታ የቪክቶሪያ ሐይቅ ግዙፉ ዓሣ ነው፤ አንዳንዱን ሁለት ሰው ተረዳድቶ ነው የሚያነሣው። አሁን ግን መርዕድ ሳህኑን በጣቱ ገፋ ያደርግና «ሽሮ የለም እንዴ?» ይላል።

መጀመሪያ ሆዱን አሞት ይሆናል አለች። ሲደጋግመው ግን ጠየቀችው።

«ሰለቸኝ» አላት፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ።

መልሱ አልተዋጠላትም። ወሰንየለሽ ተወልዳ ያደገችው ምጽዋ ነው። አባቷ ከጎንደር ሄዶ የባሕር ኃይል መካኒክ ሆኖ የቀረ ሰው ነበርና፣ ቤታቸው ውስጥ ከዶሮ ይልቅ ዓሣ ይቀርብ ነበር። መርዕድንም ያገኘችው እዚያው ነው። ያኔ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር፤ ሱሪው በጨው ደርቆ እንደ ጣውላ ቀጥ እንዳለ ከባሕሩ ዳር ሲመለስ የሰፈሩ ሰው «ጭቃ ሰብሳቢው መጣ» ይለው ነበር። አንዳንዱም ሰላይ ነው ይል ነበር። እውነትም ጭቃ ይሰበስብ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕሩ ወደ በረሃው እንደ ምላስ የገባበት፣ ኾር የሚሉት ቦታ አለ፤ የደረቀ ወንዝ አፍ ነው። አንድ ቀን ይዟት ሄዶ አሳያት።

«ሌላ አገር ወንዙ ምግብ ተሸክሞ ወደ ባሕሩ ይገባል» አላት። «እዚህ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ባዶ አሸዋ ነው። ፀሐዩም ውሃውን ስለሚመጠው የኾሩ ጫፍ ከባሕሩ የባሰ ጨው ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሸርጣን፣ ይሄ ሁሉ ዓሣ፣ ያ ሁሉ ወፍ ምን በልቶ ያድራል?»

«ምን በልቶ?»

ጎንበስ ብሎ የጭቃውን ፊት በጥፍሩ ላጥ አደረገና አሳያት። እንደ ሻይ ስልባቦት የሳሳች ቡናማ አረንጓዴ ነገር ነበረች። ፀሐይ የምታበቅላት፣ በዓይን የማትለይ ተክል ናት አላት። ትንንሾቹ ጭቃ በላ ዓሦች እሷን ይልሳሉ፣ ሸርጣኑ እሷንና ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ ቅጠል ይበላል፣ ትልቁ ዓሣ ሸርጣኑን ይበላል፣ ወፉ ሁሉንም። «ማን ማንን እንደበላ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም» ሲል ሳቀችበት፤ ብዙም ሳይቆይ አገባችው።

ጦርነቱ ወደ ወደቡ ሲጠጋ አዲስ አበባ ገቡ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ አንድ የሚያውቀው ሰው ካምፓላ ሥራ አገኘለት፤ ዓሣ እየበለተ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነ። እሷም ጥቂት ጠረጴዛዎች ገዝታ ምግብ ቤቷን ከፈተች።

እና ይህ ሰው ነው እንግዲህ ዓሣ ሰለቸኝ ያለው።

ነገሩ የሆነው በ1986 ግንቦት ነው። በዚያ ወር ከሩዋንዳ የሚመጣው ወሬ ጆሮ የሚሸከመው አልነበረም። የተገደለው ሰው ወደ ወንዝ ይጣላል፣ ወንዙ ካጌራ ወደሚባለው ትልቅ ወንዝ ይገባል፣ ካጌራ ደግሞ ሬሳውን ይዞ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ይዘረግፋል። ሬዲዮው ይህን ካወራ በኋላ የካምፓላ ሰው ከዓሣ ተቆራረጠ። ጋባ ወደብ ላይ ዓሣ ነጋዴዎቹ ዝንብ ሲከላከሉ ይውላሉ። በምግብ ቤቷም ደንበኛ ሁሉ፣ እሷ እንደ ልማዷ «አንተ! መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» ብላ ከመጮኋ በፊት ጥያቄ ይዞ ይገባል።

«ወሰን፣ ዓሣሽ ምን በልቶ ነው?» አላት ተክሌ አንድ ቀን። ተክሌ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው፤ አፉ አያርፍም።

ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው መርዕድ ብድግ አለ። «ምፑታ የሚበላው ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ነው» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሬሳው ያለው ካጌራ አፍ ላይ ነው፤ ከዚህ የቀን መንገድ ነው። ዓሣው ንጹሕ ነው። ሥራዬ ነው፣ አውቃለሁ።»

መርዕድ ከወጣ በኋላ ግን ተክሌ ወደ ወሰንየለሽ ዘንበል አለ። «ምን ይበል ታዲያ? ፋብሪካው ከተዘጋ እሱስ የት ይገባል? አለቆቹ አፋቸውን አስዘግተዋቸዋል እኮ።»

«አንተ ደግሞ!» አለችው። ቃሉ ግን እንደ እሾህ ተሰካባት። ለሰው ንጹሕ ነው ይላል፤ እቤቱ ሲገባ አይነካውም። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

በዚያው ቅጽበት ከኩሽና በኩል ሳህን ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ስፔሲዮዛ ነበረች። ስፔሲዮዛ ዓሣ የምትልጥላት፣ ሳህን የምታጥብላት፣ ምግብ የምታቀርብላት ረዳቷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ፣ ከኡጋንዳዋ ከተማ ከምባራራ ነኝ ብላ የተቀጠረች። እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም የኩሽና አማርኛውንም ቀላቅላ ትናገራለች። ሁለት ዓመት አብራት ስትሠራ ሳህን ሰብራ አታውቅም።

«ምን ሆንሽ?»

«ኖ፣ ማማ። እጅ አዳለጠ።»

እጇ ግን ደረቅ ነበር። ወሰንየለሽ አየችው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ነገር ማየት ጀመረች። መርዕድና ስፔሲዮዛ ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ቆመው ሲንሾካሾኩ አየች፤ ስትወጣ አንደኛው ወደ ግራ፣ አንደኛዋ ወደ ቀኝ ሆኑ። እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነው፤ መርዕድ ግን እሑድ ጠዋት «ትንሽ ልንሸራሸር» ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ ሸሚዙ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይሸታል። ዓሣ ግን አይዞም። ስፔሲዮዛም እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ትላለች፤ የእሷም ቀሚስ እንደዚያው ይሸታል።

ወሰንየለሽ ቀናተኛ ሴት ነኝ ብላ አታስብም። ቅናት ብቻ ቢሆን ደግሞ ይቀላት ነበር፤ ቅናት የት እንደሚይዙት ይታወቃል። እሷን የያዛት ሌላ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ ዓሣው የሚያውቁት፣ እሷ የማታውቀው ነገር አለ። እሷ ደግሞ ያንን ዓሣ በገዛ እጇ ጠብሳ ለሰው ታቀርባለች።

አንድ ከሰዓት ሁለቱም በሌሉበት የከሰል ማስቀመጫዋን ክፍል ከፈተች። ከከሰሉ ጆንያ በስተኋላ ካርቶን አገኘች። ስትከፍተው ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነክሩበት የፎርማሊን ሽታ አፍንጫዋን መታው። ውስጡ የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል። አንዱን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋች። በቢጫማው ውሃ ውስጥ ነጣ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጎበጥ ያሉ ነገሮች ይንሳፈፋሉ።

ጥፍር መሰላት። የሰው ጥፍር።

ብልቃጡ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እንደምንም መልሳ አስቀመጠችውና ወጥታ የቧንቧው ውሃ ሥር እጇን ደጋግማ አጠበች። የዚያን ዕለት ለመጣው ሁሉ «ዓሣ አልቋል» አለች። ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ሙሉ ምፑታ ነበር።

መርዕድን ብትጠይቀው እንደሚያድበሰብስ ታውቃለች። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ መጀመሪያ እሱ ወጣ፣ ቀጥሎ ስፔሲዮዛ ወጣች፣ እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለች። ስፔሲዮዛ የተሳፈረችበት ታክሲ ወደ ጋባ ቁልቁል ሲሄድ አይታ ቀጥሎ የመጣው ላይ ወጣች። መንገዱን በሙሉ በልቧ የምትናገረውን እያዘጋጀች ነበር፤ ከንግግሩ አብዛኛው ስድብ ነው።

ጋባ ጭር ብሏል። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተገልብጠዋል፤ በደህና ቀን ሰው የሚገፋፋባቸው የእንጨት መደቦች ባዶ ናቸው። ማራቡዎቹ፣ እነዚያ ራሳቸው መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ሆድ ዕቃ የሚጥልላቸው አጥተው ተኮራምተው ቆመዋል። ወሰንየለሽ ከአንድ ጀልባ ጀርባ ሆና አየች። መርዕድ የጎማ ጓንት አጥልቆ አንድ መደብ ላይ የዓሣ ጨጓራ ይሰነጥቃል። ስፔሲዮዛ አጠገቡ ቆማ ብልቃጥ ይዛለታለች። ዓሣዋን ሁልጊዜ የምትሸጥላት ናካቶ ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትመለከታለች።

መርዕድ በወረንጦ አንድ ነገር አወጣና ለስፔሲዮዛ አሳያት። ስፔሲዮዛ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከዚያ ገልጣ አየችው።

ወሰንየለሽ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «ምንድን ነው ያወጣኸው?» አለች፣ ከጀልባው ጀርባ እየወጣች።

ስፔሲዮዛ ደነገጠች። መርዕድ ግን ወረንጦውን እንደያዘ ቀረ። «ወሰን…»

«ጥፍር ነው? የሰው ጥፍር ነው?»

«የምን ጥፍር?»

«ከከሰሉ ኋላ የደበቅኸው! አይቼዋለሁ!»

መርዕድ ወደ እሷ መጣና መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ያላት፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ የመሰሉ ዓይኖችና ፀጉር የሚያክሉ እግሮች ያሏት ፍጥረት ተጋድማለች። «ሽሪምፕ ናት» አላት። «የሐይቁ ሽሪምፕ። ሌላ ምንም የለም። እስከ ዛሬ ከከፈትሁት ጨጓራ ሁሉ ሽሪምፕ፣ ሙኬኔ የሚሏት ትንሽ ዓሣ፣ አንዳንዴ የራሱ የምፑታው ልጆች። ሌላ ነገር አላገኘሁም።»

ወሰንየለሽ አጎንብሳ አየች። ጥፍር አይደለም። ግን ልቧ አልተመለሰም። «እና ለምን ደበቅኸኝ? እሷስ እዚህ ምን ትሠራለች?»

መርዕድ ወደ ስፔሲዮዛ ተመለከተ፤ እንደ ማስፈቀድ ነበር። ስፔሲዮዛ ብልቃጡን መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«ማማ፣ እኔ ከምባራራ አይደለሁም» አለች። «እኔ ሩዋንዳ ነኝ። የእናቴ ቤት ኒያባሮንጎ ወንዝ ዳር ነው። ያ ወንዝ ካጌራ ይገባል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በፊት የሠራሁበት ቤት፣ ሩዋንዳ መሆኔን ሲያውቁ ውጪ አሉኝ። አንቺም ታስወጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሰው ዓሣው ሰው በላ ሲል ሰማሁ። መርዕድን እውነቱን ንገረኝ አልሁት። ዓሣው እናቴን በላ ወይ አልሁት።»

ናካቶ አማርኛ አይገባትም፤ የስፔሲዮዛን ፊት አይታ ግን መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት።

ወሰንየለሽ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችም። ቁጣዋ ግን ገና አልለቀቃትም፤ ወደ ባሏ ዞረ። «እሺ፣ ዓሣው ሰው አልበላም። አንተም ለሰው ንጹሕ ነው ትላለህ። ታዲያ ለምን አትበላም?»

መርዕድ ጓንቱን አወለቀ። «ያቺን የኾር ጎርፍ ታስታውሻለሽ?» አላት።

ታስታውሳለች። አንድ ዓመት ደጋው ላይ ድንገት ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የነበረው ወንዝ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ፍየሉንም ከብቱንም እየጠራረገ ኾሩ ውስጥ ከቶት ነበር።

«ወር ሳይሞላው ከዚያ ሁሉ ጥንብ አንድም አልቀረም» አለ መርዕድ። «ዓሣ ግን ከብት አልበላም። ሸርጣኑ ትንሽ በላ፣ የቀረው በሰበሰ። ብስባሹን ጭቃው ጠጣው፣ ጭቃው ላይ ያችን ቡናማ ነገር አበቀለ፣ ትንንሾቹ ዓሦች ላሷት፣ ትልልቆቹ እነሱን በሉ። በዚያ ዓመት ዓሣው ሰባ። እዚህም እንደዚያው ነው። ይቺ ሽሪምፕ የምትበላው ከሐይቁ ሥር ያለ ብስባሽ ነው። አንዱ ሌላውን በበላ ቁጥር ከአሥር እጅ ዘጠኙ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ የሚተላለፈው አንዱ እጅ ብቻ ነው። ሐይቁ ደግሞ እንደ ኾሩ ጠባብ አይደለም፤ ባሕር ነው። እዚህ ጋባ የሚደርሰውን ማንም ሊለካው አይችልም። በሽታም አያመጣም። ንጹሕ ነው ያልሁት እውነቴን ነው። ግን እሷ እውነቱን ንገረኝ ስትለኝ ምንም አይደርስም ማለት አልቻልሁም። የትም የሚጠፋ ነገር የለም፤ ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ስማረው ኖሬያለሁ።»

«እሺ፤ እና?»

«እና ሳህኑን የምታቀርብልኝ እሷ ናት፣ ወሰን። እሷ እያቀረበችልኝ እንዴት ልብላ?»

ወሰንየለሽ ሐይቁን አየችው። ጠፍጣፋ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ የውሃ እምቦጩ አረንጓዴ ክምር ሞገዱ ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ምንም አያስታውቅም።

ስፔሲዮዛ ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም። ናካቶን በሉጋንዳ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ናካቶ ረዘም አድርጋ መለሰችላት። ስፔሲዮዛ ወደ ወሰንየለሽ ዞረች። «የናካቶ ወንድም ካሰንሴሮ ነው፣ ካጌራ አፍ። ዓሣ ማጥመድ ትቷል። ሰዎቹን ከውሃ እያወጡ፣ በላስቲክ እየጠቀለሉ ይቀብራሉ። ማማ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ መርዕድ ወዲያው።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ወሰንየለሽ።

ከደግነት የተነሣ አልነበረም። አላመነቻቸውም፤ ነገሩ ሁሉ እውነት መስሎ ሳለ በሆነ በኩል እየተታለልሁ ነው የሚል ስሜት ሆዷ ውስጥ ቀርቷል። እቤት ስትመለስ ካርቶኑን እንደገና ከፍታ ብልቃጡን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣች አይታለች። ሁሉም ዓይን ነበራቸው፣ ሁሉም እግር ነበራቸው። ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላረፈችም።

ምግብ ቤቱን ዘግተው ሄዱ። ማሳካ ከተማ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በቆሎ በጫነ ፒክአፕ ላይ። ከማሳካ አልፎ ኬላ ላይ ወታደሮች አስወረዷቸው። አንደኛው የሁሉንም ፊት እያየ መጣና ወሰንየለሽ ፊት ቆመ።

«ዩ! ሩዋንዳ?» አላት።

«ኖ፣ ኢትዮጵያ» አለች።

ከፀጉሯ እስከ አገጯ ተመለከታት። «ረዥም አፍንጫ፣ ቀጭን ፊት። ከወዲያ ነው የመጣሽው። ለምን ትዋሺያለሽ?» መርዕድንም እንደዚያው አየው፤ እሱንም ወደ ጎን አቆሙት። ስፔሲዮዛን ግን ዘወር ብለውም አላዩዋት።

ወሰንየለሽ ፓስፖርቷን ለማውጣት ቦርሳዋን በረበረች። ምንም አላጠፋችም፤ ግን ያ ሰው ሲያያት አንድ የደበቀችው ነገር ያለ መሰላት። የወታደሩን ዓይን ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ስፔሲዮዛን ስታይበት የነበረው ዓይን ነው። ስፔሲዮዛ ቀረብ ብላ ወታደሩን በራሱ ቋንቋ አናገረችው። ፓስፖርቶቹን አገላብጦ አይቶ ለቀቃቸው።

ፒክአፑ ላይ ሲወጡ ወሰንየለሽ «ምን አልሽው?» አለቻት።

«የምግብ ቤት ባለቤት ናት፣ እኔ ሠራተኛዋ ነኝ አልሁት። እሷን ካሰርሃት ሥራ አጣለሁ አልሁት።»

ወሰንየለሽ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ስፔሲዮዛም ሳቀች።

ካሰንሴሮ ደርሰው ስላዩት ነገር ወሰንየለሽ በኋላ ብዙ አላወራችም። ሽታው ከመንደሩ በፊት ይቀበላል። ወጣቶችና ሽማግሌዎች አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ከጀልባ ወደ ጉድጓድ ይመላለሳሉ። መጀመሪያ እነሱም ጠረጠሩ። «ጋዜጠኛ ናችሁ? ካሜራ ይዛችኋል?» አሉ። የናካቶ ወንድም መጥቶ ስለ ስፔሲዮዛ ሲነገረው ኮፍያውን አወለቀ።

ስፔሲዮዛ እናቷን መፈለግ አልቻለችም። እዚያ የሚደርሰው ሰው መልኩ የሚለይ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ አካፋ ጠየቀች። ሰጧት። መርዕድም ጃኬቱን አውልቆ አጠገቧ ሆኖ ይቆፍር ጀመር።

ወሰንየለሽ ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመች። ወዲያው ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው የሚያርፉትን ሰዎች አየች። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የመንደሩን ሴቶች ድስት የት አለ ብላ ጠየቀች። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት አመጡላት፣ ባቄላ አመጡላት። ክምር እንጨት አንድዳ ማማሰል ጀመረች። ዓሣ ያመጣላት አልነበረም፣ እሷም አልጠየቀች። ሠራተኞቹ ተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በልተው ወደ ቁፋሮው ተመለሱ። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች፤ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው። ተመልሰው ሲሄዱ ስፔሲዮዛ መዳፏ ተልጦ ነበር፤ ወሰንየለሽ በነጠላዋ ጫፍ አሰረችላት።

ምግብ ቤቱ ሲከፈት ተክሌ የመጀመሪያው ደንበኛ ነበር። «እሺ ወሰን፣ ዓሣው ንጹሕ ነው አይደለም? ቁርጡን ንገሪን።»

«ንጹሕ ነው» አለችው። «እዚህ ቤት ግን ለጊዜው አይሸጥም።»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን አይሸጥም?»

«ሐዘን ላይ ነን» አለችው፣ ስፔሲዮዛን ሳታይ። ተክሌ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሽሮ አዘዘ።

ደንበኛ ቀነሰ፤ የቀሩት ሽሮና ጥብስ በሉ። መርዕድ ፋብሪካ ሥራውን ቀጠለ፤ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ግን ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳያሳጥር እስከ ጭቃው ድረስ ያስረዳል፤ አንዳንዱ ሳይጨርስለት ይነሣል። ሐምሌ ላይ ሩዋንዳ ጦርነቱ ሲያበቃ ስፔሲዮዛ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ሄደች። ወሰንየለሽ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። «ስትደርሺ ድምፅሽን አሰሚኝ» አለቻት። ወራት አለፉ፤ ድምፅ የለም። ወሰንየለሽ ክፉውን ሁሉ አሰበች፤ ማሰብ ትችልበታለች።

ከአዲሱ ዓመት በኋላ ተክሌ የእርዳታ እህል ጭኖ ኪጋሊ ደርሶ ተመለሰ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ስፔሲዮዛን አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። «ደህና ናት። እናቷ የለችም፤ አክስቷ ግን በሕይወት ተገኝታለች። አብረው ናቸው።»

ወሰንየለሽ ደረቷን በእጇ ይዛ ተመለከተችው። ተክሌን ታውቀዋለች፤ ሰው ደስ ይበለው ብሎ ወሬ ይፈጥራል።

«የት አገኘሃት?»

«ገበያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታለች። በአጋጣሚ ገባሁ።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ቀሚስ…»

«ምን አለችህ? ምንም አላለችህማ! አላገኘሃትም፣ ተክሌ። ከፈጠርኸው ንገረኝ፤ አልቆጣህም።»

ተክሌ ተናደደ። «ምን አለችኝ? ሰላም እንኳ አላለችኝም! ገብቼ ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል በአማርኛ ጮኸችብኝ። ‹አንተ! መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!› አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ!»

ወሰንየለሽ በአቅራቢያዋ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እሷ ናት» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋም መርዕድን ጠራችው።